አምራቹ ቡናውን ቀምሶ ይሽጥ



በሐረር ዙሪያ በቡና አምራች ቤት ጠዋት ጠዋት የሚፈላው ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙውን ጊዜ አሸር ነው፤ አለዚያም የቡና ቅጠል ነው፤ ወተትና ጨው ይገባበትና ሆጃ ተብሎ ይጠጣል። ፍሬው በጆንያ ታስሮ ገበያ ይጠብቃል። ሆጃ የሚነቀፍ መጠጥ አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚህ ልማድ የተነሣ አንድ አርሶ አደር ሃያ ዓመት ቡና አምርቶ የገዛ ማሳውን ቡና ጣዕም ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። ጣዕሙን የሚያውቀው ገዥው ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. ሐረር የገባው መቀመጫው አደን ወደብ ለነበረ ንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነበር። ቀምሶ ዋጋ የሚቆርጠው ያኔም ከሩቅ የመጣ ሰው ነበር።

በጀበና ሲፈላስ አይቀመስም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ይቀመሳል። ነገር ግን ለጀበና የሚሆነው ቡና ጠቆር ተደርጎ ይቆላል፣ ከነዱቄቱ ይንተከተካል፣ ስኳር ወይም ጨው ይገባበታል። በዚህ ሁሉ መካከል ጥቂት የሻጋታ ወይም የአፈር ሽታ ቢኖር ይሸፈናል። ጀበና ይምራል ማለት ነው። ስለሆነም ጀበናው ለጎረቤትና ለእንግዳ እንዳለ ሆኖ፣ ቡናን ለመመርመር የሚጠቅመው ሙቅ ውሃ በእጅ እያንቆረቆሩ በጨርቅ ማጥለል ነው።

ዘዴው በውጭ አገር በወረቀት ይሠራል። ሜሊታ ቤንትዝ የተባለች የድሬስደን ከተማ የቤት እመቤት በ1908 እ.ኤ.አ. የናስ ዕቃ በሚስማር በስታ፣ ከልጇ ደብተር በወሰደችው የቀለም መምጠጫ ወረቀት ቡና አጥልላ የፈጠራ መብቷን አስመዘገበች። ለእኛ አርሶ አደር ወረቀት መፈለግ አያስፈልገውም። በሽቦ ቀለበት ላይ የተሰፋ፣ በፈላ ውሃ የታጠበ ነጭ አቡጀዲ ይበቃል።

ቡናው ተፈልፍሎ በብረት ምጣድ ሲቆላ ጠሽ ጠሽ ማለት ይጀምራል። ድምፁ ጋብ ሲል፣ ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ቅባት ሳያወጣ ከእሳት ይወርዳል። ቢጠቁር ግን ጉድለቱም ጥሩ ጠባዩም አብሮ ይቃጠላል። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ይወቀጣል፤ አወቃቀጡም ለጀበና ከሚሆነው ሻካራ ይሁን። ለሩብ ሊትር ውሃ 15 ግራም፣ ማለትም በሾርባ ማንኪያ ሦስት ልሙጥ ያህል ዱቄት ይበቃል። ሚዛን የሌለው ቤት የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክን እስከ እኩሌታው ሞልቶ ከማፍላቱ በፊት ይለካል።

ስለ ውሃው አንድ የሐረር ዕድል አለ። የውጭ አገር መመሪያዎች የፈላው ውሃ ትንሽ እንዲበርድ ያዝዛሉ፤ የሚፈለገው ከ92 እስከ 96 ዲግሪ ነውና። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መጠበቅ አያስፈልግም፤ እንደፈላ ይንቆረቆራል።

በመጀመሪያ ዱቄቱን ለማራስ ያህል ብቻ ይፈስበታል፤ ግማሽ ደቂቃ ይታገሡታል። በቅርብ የተቆላ ቡና በዚህ ጊዜ አረፋ አውጥቶ ይነፋል፤ በውስጡ ያለው አየር እየወጣ ነው። ከዚያ የቀረው ውሃ ቀስ እያለ፣ ዙሪያውን እየተሽከረከረ ይጨመራል። ሁሉም በሦስትና በአራት ደቂቃ ውስጥ ቢወርድ መልካም ነው። ቶሎ ካለቀ ዱቄቱ ሻክሯል፣ ቡናው ይቀጥናል፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ልሟል፣ ይመራል።

ስኳርም ጨውም ሳይገባበት መጀመሪያ ትኩሱን፣ ቀጥሎ ለብ ያለውን፣ በመጨረሻ የቀዘቀዘውን መቅመስ ነው። ጉድለት የሚጋለጠው ሲቀዘቅዝ ነውና። አፈር አፈር የሚለው በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ ነው። የቦካ ፍሬ ሽታ ያለው እሸቱ ተደራርቦ የከረመ ነው። ሻጋታ ከሸተተ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ሳይወርድ ጆንያ ገብቷል ማለት ይቻላል። አፍ የሚይዘውና ሣር ሣር የሚለው ደግሞ ሳይቀላ ተለቅሟል። ፀረ ተባይ ወይም ነጭ ጋዝ ካለበት ጎተራ የወጣ ቡና ግን ማንም ሳያስረዳው ይታወቃል።

አንድ አምራች ከአንድ ማሳ በአንድ ቀን የለቀመውን ቀይ እሸት ለሁለት ከፍሎ እኩሌታውን በሽቦ አልጋ፣ እኩሌታውን በመሬት ላይ ቢያደርቅና ሁለቱን ጎን ለጎን አጥልሎ ቢቀምስ፣ ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ያሳምነዋል። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ምላስ ብዙውን ጊዜ የእማወራዋ ነው፤ ዕለት ዕለት የምትቆላውና የምታፈላው እርሷ ናትና። የማኅበሩ ደብተር ግን አብዛኛውን ጊዜ በባልየው ስም ነው። ኃላፊዎች ይህን ልብ ቢሉት ይበጃል።

በማኅበር ደረጃ ነገሩ ይከብዳል። አንድ የሻገተ ጆንያ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ በቅምሻ ጊዜ ጠቅላላው ክምችት ደረጃው ይወርዳል፤ በሽቦ አልጋ ያደረቀውም ከሰነፉ ጋር ዋጋ ያጣል። ዋጋ ያጣ ሰው ደግሞ ቡናውን ነቅሎ ጫት ይተክላል፤ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይሸጣልና አይፈረድበትም። መንግሥት የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ስም ለማስከበር በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት አድርጓል። ስሙ የሚያወጣው ዋጋ ግን ከሲኒው ጋር ሲስማማ ነው።

በመሆኑም በየመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ምጣድ፣ ሙቀጫ፣ ማንቆርቆሪያና ሁለት ሦስት ማጥለያ ቢቀመጥ፣ ከእያንዳንዱ አባል ጆንያም ከመቀላቀሉ በፊት አንድ እፍኝ ተወስዶ ባለቤቱ ባለበት ቢቀመስ ወጪው ከባድ አይሆንም። ጉድለት የተገኘበት ለብቻው ይከመራል፤ ባለቤቱም ምክንያቱን እዚያው ይሰማል።

አቡጀዲው ሳሙና አይንካው፤ ሽታው በሚቀጥለው ቡና ውስጥ ይገባል። በሙቅ ውሃ ብቻ ታጥቦ፣ በየዕለቱ በሚለወጥ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል፤ መሽተት ሲጀምር ይለወጣል። የዘንድሮው ለቀማ ሲጀመር በመጀመሪያ የደረቀው ጀንፈል ለሙከራው ይበቃል።