አሮጌ የስፖርት አውቶሞቢልን በቤት ስለ መጠበቅና ስለ ማሻሻል

በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል ላይ በተማሪዎች የተደረገ ንግግር



 የመረጥነው ርእስ አሮጌ የስፖርት አውቶሞቢልን በቤት ስለ መጠበቅና ስለ ማሻሻል የሚል ነው። ከወላጆች አንዳንዶቹ፥ «ይህ የልጆች ጨዋታ እንጂ ለበዓል የሚሆን ቁም ነገር ነውን?» ሳይሉ አይቀሩም። እኛ ግን ቁም ነገር ያለበት መሆኑን አምነን መረጥነው። በዕረፍት ሰዓት በግቢያችን ስለ መኪና የማይወራበት ቀን የለም፤ ወሬውም ሁሉ «ስንት ይሮጣል?» የሚል ነው። «በስንት ሜትር ይቆማል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። የንግግራችንም ፍሬ ነገር ከዚሁ ይነሣል። በመኪና ላይ የሚደረግ ማናቸውም ለውጥ በሌላው ክፍል ላይ ዕዳ ይጥላል። ያን ዕዳ በጋራዡ ውስጥ አስቀድሞ ያልከፈለ ሰው በኋላ በመንገድ ላይ ይጠየቅበታል።

የስፖርት አውቶሞቢል የምንለው ዕቃ ለመጫን ወይም ብዙ ሰው ለማመላለስ ሳይሆን፥ ለመንዳት ደስታ ተብሎ የተሠራ፥ ዝቅና ቀለል ያለ፥ ብዙውን ጊዜም ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ መኪና ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን ኤም ጂ ቢ የተባለውን የእንግሊዝ መኪና እንወስዳለን። ይህ መኪና በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ የተሠራ ሲሆን፥ ጣራ ያለውና የሌለው ተደምሮ ከ500,000 በላይ ወጥቷል። (በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፥ ይዘቱም 1798 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 95 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በሰዓትም ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጥ ነበር።

ይህን መኪና የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ በውስጡ ኮምፒዩተር የለበትም፤ ቁልፍና ካቻቢቴ የያዘ፥ ማንበብም የሚችል ሰው አብዛኛውን ክፍል ራሱ ፈትቶ ሊገጥመው ይችላል። ሁለተኛ፥ ፋብሪካው ከተዘጋ ከስምንት ዓመት በኋላ፥ በ1988፥ ለዚሁ መኪና ሙሉ የብረት አካል እንደገና መሠራት ጀምሯል፤ ሌላውም መለዋወጫ ዛሬም ይሸጣል። በዚህም ምክንያት በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች በቤታቸው ጓሮ ሲጠግኑትና ሲያሻሽሉት ይኖራሉ። ከእነዚህ ሰዎች ልምድ የምንማረው ብዙ ነው።

አሮጌ የስፖርት መኪና ያገኘ ወጣት መጀመሪያ የሚመኘው የሚያጓራ ማርሚታና ሰፋፊ ጎማ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ግን አካሉን መመርመር ነው። ኤም ጂ ቢ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የሚቆም ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ አጥንቱ ነው። በተለይ ጣራ በሌለው መኪና የፊቱንና የኋላውን ክፍል አያይዞ የሚይዘው ከበሮቹ ሥር ያለው ሳጥን መሰል ብረት ነው። ይህ ብረት ከውስጥ በዝገት እየተበላ ከላይ ግን ቀለሙ ያማረ ሆኖ ሊታይ ይችላል። እንግዲህ ቀለም ሳያታልለን በሩን ከፍተን ዘግተን፥ በዙሪያው ያለው ክፍተት ከላይም ከታችም እኩል መሆኑን እንይ። ክፍተቱ ከተዛባ አጥንቱ ደክሞ እንደ ሆነ መጠርጠር ይገባል። የበሰበሰውን ብረት ቆርጦ አዲስ ለመበየድ የሚነሣም ሰው አስቀድሞ መኪናውን በሚገባ ሊደግፈው ያስፈልጋል። ያለ ድጋፍ ቢቆርጠው መካከሉ ይሰረጉዳል፥ በሮቹም ከዚያ በኋላ አይገጥሙም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሁለተኛው ሥራ ፍሬን ነው። ቀደም ብለው በተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች የፍሬኑ ዘይት የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ ስለሆነ፥ አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ የእግር ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ላይ ይጠፋል፤ የሚቀረው በሽቦ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ነው። ስለዚህ በአሮጌ መኪና ላይ ያሉትን የጎማ ቱቦዎች፥ ከውጭ ደህና ቢመስሉም እንኳ፥ በአዲስ መተካት የብልህ ሥራ ነው። ዘይቱም ራሱ ያረጃል። ምክንያቱም የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ ሆኖ የተሠራ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደንቡ የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሸራው ሲግል ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል፤ ዘይቱም ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ አይጨመቅም፥ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እንግዲያውስ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፥ መኪናው ግን መሄዱን አይተውም። በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን መለወጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አለመለወጡ ግን ነፍስ ሊጠይቅ ይችላል።

ሦስተኛው ሥራ ሞተሩን ወደ ጥንት ልኩ መመለስ ነው። ፑንቲና የሚባለው፥ የኤሌክትሪኩን መስመር እየከፈተና እየዘጋ ካንዴላው እሳት እንዲያወጣ የሚያደርገው መሣሪያ፥ ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። መኪናው ሁለት ካርቡራተሮች ስላሉት ሁለቱም እኩል መተንፈስ አለባቸው። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀጭን የጎማ ቱቦ ወስዶ አንዱን ጫፍ በጆሮ፥ ሌላውን በካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርጎ የአየሩን ፉጨት ማዳመጥ ነው። ፉጨቱ በሁለቱም እኩል እስኪሆን ድረስ ይስተካከላል። ከዚያም የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን ባለ ስድስት ጎን ዳዶ በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ እያዞሩ ውጤቱን መመልከት ነው። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመውና የትኛው እንደጎዳው ሊያውቅ አይችልም። ይህ በሳይንስ ክፍላችን የምንማረው የሙከራ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ባለ ካርቡራተር ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከዚህም በላይ፥ የሚገባው አየር ሳስቶ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ጥቁር ጢስ ያወጣል፥ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ይህን ያላወቀ ባለ መኪና «ሞተሩ ደከመ» ብሎ ያስፈታዋል። የሚያስፈልገው ግን ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር ማመጣጠን ነው።

መኪናው በእንዲህ ያለ ሁኔታ ደህና ሆኖ ከቆመ በኋላ ስለ ማሻሻል መነጋገር ይቻላል። ከማሻሻያዎቹ ሁሉ አነስተኛው ፑንቲናውን አንሥቶ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መተካት ነው፤ ይህም የሚበላ ነገር ስለሌለው ክፍተቱ ቶሎ ቶሎ አይዛባም። ነገር ግን እስከ 1967 ድረስ በተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች ከአካሉ ጋር የሚገናኘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ እንጂ እንደ ዛሬዎቹ መኪናዎች ኔጋቲቩ አይደለም። ይህን ሳይመለከት አዲሱን መሣሪያ የገጠመ ሰው ገና ቁልፉን ሲያዞር ያቃጥለዋል።

ሌላው ማሻሻያ ከቤንዚን ጋር የተያያዘ ነው። በጥንት ጊዜ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ለጤና ጎጂ ነው፤ ሆኖም ቫልቩ የሚያርፍበትን ቦታ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። በ2021 አልጀሪያ መሸጥዋን ካቆመች ወዲህ ለመኪና የሚሆን ባለ እርሳስ ቤንዚን በዓለም ላይ ከገበያ ጠፍቷል። ይህ ለሰው ልጅ ትልቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን የአሮጌ ሞተር ባለቤት የሲሊንደሩ ራስ በተፈታ ጊዜ ከጠንካራ ብረት የተሠራ የቫልቭ ማረፊያ ማስገባት ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ጉልበት መጨመር ነው። ትልቅ ካርቡራተርና የተለወጠ ካምሻፍት ያደረገ ሰው ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ገና መጀመሩ ነው። የበለጠ ጉልበት የበለጠ ሙቀት ስለሚሰጥ ራዲያተሩን ይጠይቃል። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ጎማውና አሞርዛተሩ አልችል ይላሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍሬኑ አለ። በፊዚክስ እንደ ተማርነው የሚንቀሳቀስ ነገር ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና 100 ቢሄድ ፍጥነቱ የጨመረው በመቶ 25 ነው፤ ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኃይል ግን በመቶ 56 ይጨምራል። ከ60 ወደ 120 ቢደርስ ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ጉልበት ከመጨመሩ በፊት የፊቱ ዲስክ፥ የኋላው ታምቡር፥ ሸራውና ጎማው ለዚህ የሚበቁ መሆናቸውን ማረጋገጥ የግድ ነው።

ይህ ነገር በቤት ለሚሠራ ሰው ብቻ የተጻፈ ሕግ አይደለም። ፋብሪካውም ራሱ ከዚሁ ሕግ አላመለጠም። በ1974 መገባደጃ ላይ የአሜሪካን ደንብ ለማሟላት ሲባል ኤም ጂ ቢ ትልልቅ ጥቁር መከላከያ ተደረገለት፥ ከመሬትም ከፍ እንዲል ሆነ። በዚያው ጊዜ ጣራ በሌለው መኪና ላይ በመጠምዘዣ እንዳይጋደም ከፊት ይይዘው የነበረው ዘንግ ቀረ። መኪናው ከፍ ብሎ ሳለ መያዣው ስለቀረ በመጠምዘዣ ላይ መጋደሙ በዛ። ለ1977 በወጣው ሞዴል ግን ዘንጉ ከፊት ተመለሰ፥ ከኋላም ሌላ ተጨመረበት። እነዚያ መሐንዲሶች በቂ መሣሪያና ገንዘብ ነበራቸው፤ እንዲህም ሆኖ አንዱን ለውጠው ሌላውን ሲተዉ መኪናው ጉድለቱን በመንገድ ላይ አሳይቷቸዋል።

በቤት የሚሠራ ሰው ስለ ራሱም ደህንነት ሊያስብ ይገባል። ክሪክ መኪና ለማንሣት እንጂ ተነሥቶ ለማቆየት አይታመንም፤ በጠንካራ የብረት መቆሚያ ሳይደገፍ ማንም ከሥሩ አይግባ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር ማስነሣት ሽታ በሌለው መርዘኛ ጋዝ መታፈን ነው። የአሮጌ ፍሬን ሸራ አቧራ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ቤንዚን ባለበት ሲጋራም ሻማም አይቅረብ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እኛ ኤም ጂ ቢ ግዙልን ለማለት አልመጣንም። በብዙ ግቢ ውስጥ ከአያት የተረፈ ቮልስዋገን ወይም ሌላ አሮጌ መኪና ይገኛል፤ ከተናገርነው አብዛኛው ለእርሱም ይሠራል። የምንለምናችሁ፥ ልጆቻችሁ የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ቆሞ እጃቸው ዘይት እንዲነካ እንድትፈቅዱላቸው ነው። እጁ የጠቆረ ተማሪ ከትምህርቱ የራቀ አይደለም፤ በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን በብረት ላይ እያነበበ ነው።

ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ለእናንተም የምንለው አጭር ነው። መኪናውን ስትከፍቱ አንድ ደብተር ከአጠገባችሁ አይለይ። የፈታችሁትን፥ የለካችሁትን፥ የለወጣችሁትን ቀን ጠቅሳችሁ ጻፉ። ከለወጣችሁም በኋላ ፍሬኑን ባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ ሳትፈትኑ ወደ ሕዝብ መንገድ አትውጡ። በመንገዳችን ላይ ትንንሽ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፥ እናቶችም ከገበያ ሲገቡ ያቋርጣሉ። መኪናችን ስንት እንደሚሮጥ ማወቅ ለእነርሱ ምንም አይረባቸውም፤ በፊታቸው መቆም መቻሉ ግን ሕይወታቸው ነው።