ለዝናብ ሲባል የተከለለ ደን፦ አንድ ቀን በቶባጎ ደሴት



መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ አንድ ቤተሰብ የሽርሽር ቀን መናገር ለጊዜው ከቦታው ውጭ የሆነ ነገር ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ዛሬ የሚነገርለት ቀን የዋለው በዓለም ከታወቁት ጥንታዊ የውሃ ሥራዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ሥራው ግንብ የለውም፤ ብረትም ሲሚንቶም አልፈጀም። የቆመው በአንድ ሕግ ሲሆን፣ ዕድሜውም ከ240 ዓመት በላይ ነው።

ቦታው በካሪቢያን ባሕር ደቡባዊ ጫፍ የምትገኘው የቶባጎ ደሴት ናት። ከጎረቤቷ ከትሪኒዳድ ጋር አንድ ሪፐብሊክ የሆነችው ይህች ደሴት ስፋቷ 300 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ርዝመቷም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኻሏን እንደ ጀርባ አጥንት ተከትሎ የሚሄድ ሸንተረር አለ፤ አገሬው ሜይን ሪጅ ይለዋል፤ ዋናው ሸንተረር ማለት ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ይህን ሸንተረር ሲገፋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን ያራግፋል። በሸንተረሩ ላይ ወደ 4000 ሄክታር የሚጠጋ ደን ተከልሎ ይገኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚተረከው ቀን በደሴቲቱ ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ዓይነት ቀን ነው። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ወሩ የካቲት ነው። ከጥር እስከ ግንቦት የሚዘልቀው የበጋ ወቅት ገብቷል። ከዋናው ከተማ ከስካርቦሮ የሚነሡት አምስት ናቸው፦ በውሃ መሥመር ጥገና የሚሠራው አባት፣ አስተማሪዋ እናት፣ የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ሴት ልጅ፣ የስምንት ዓመቱ ወንድ ልጅና የአባትየው እናት። አሮጊቷ በሸንተረሩ ግርጌ ተወልደው ያደጉ ቢሆኑም ደኑን ከረገጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ ጉልበታቸውን ያመካኛሉ።

መኪናዋ ጎሕ ሲቀድ የምሥራቁን የባሕር ዳርቻ መንገድ ትይዛለች። የደሴቲቱ ብሔራዊ ወፍ ኮክሪኮ በየዛፉ ላይ የገዛ ስሙን እየጠራ ይንጫጫል። ገበሬው ይህን ወፍ ብዙም አይወደውም፤ አትክልቱን ያጠፋበታልና።

የመጀመሪያው ማረፊያ በሮክስቦሮ አቅራቢያ የሚገኝ የካካዎ እርሻ ነው። በደሴቶቹ የሚበቅለው ካካዎ ትሪኒታሪዮ ይባላል፤ በ18ኛው መቶ ዓመት በትሪኒዳድ ከሁለት የካካዎ ዘሮች መዳቀል የተገኘ በመሆኑ ስሙን ከዚያው ወስዷል። የካካዎው ዛፍ ቀጥተኛ ፀሐይ ስለማይስማማው በላዩ ጥላ የሚሰጥ ረጅም ዛፍ ይተከልለታል። አገሬው ይህን ዛፍ ኢሞርቴል ሲለው፣ በስፓንኛ ግን የካካዎ እናት የሚል ስም አለው። በየካቲት ቅጠሉን አራግፎ እንደ ፍም የቀላ አበባ ይለብሳል። ይህ ዛፍ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታወቀው ከኮርች ጋር አንድ ወገን ነው፤ እንደ ኮርችም ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን ያዳብራል። በአንድ ዛፍ ጥላም ማዳበሪያም ይገኛል ማለት ነው።

በእርሻው ቤት የካካዎ ሻይ ይቀርባል። ተቆልቶና ተወቅጦ የተድቦለቦለው ካካዎ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ይፈቀፈቃል፤ ቀረፋና ገውዝ ይገባበታል፤ ወተትና ስኳር ይጨመርበታል። የካካዎው ቅባት በላዩ ላይ እንደ ዐይን እየተብለጨለጨ ይንሳፈፋል። ልጆቹ ቅባቱን አይተው ፊታቸውን ሲያኮማትሩ አያትየው፣ «ቅባት የሌለው ካካዎ ካካዎ አይደለም፤ ጠጡ!» ይላሉ።

ከሮክስቦሮ ተነሥቶ ወደ ብለዲ ቤይ የሚያቋርጠው መንገድ ሸንተረሩን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከመንገዱ በላይ የተቆረጠው ገደል ሺስት የሚባለውን ተነባባሪ ድንጋይ ያሳያል። ይህ ድንጋይ እየበሰበሰ ሲሄድ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገለጣል፤ ተዳፋቱ ሲቆረጥና ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ለናዳ ይመቻል። አባትየው የመኪናውን ፍጥነት ቀንሶ ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ያያል። የሙያ ልማድ ነው።

ከመንገዱ ዳር ጊልፒን የተባለው የእግር መንገድ ይጀምራል። መሬቱ ጭቃ ስለሆነ ለጎብኚው የላስቲክ ቦት ጫማ ይከራያል። ጥቂት እርምጃ እንደ ገቡ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ብርሃኑም አረንጓዴ ይሆናል። ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች የተሸከሙትን ቅጠል እንደ ጃንጥላ ይዘው መንገዱን ያቋርጣሉ። ወዲያው የወራጅ ውሃ ድምፅ ይሰማል። ውሃው ከድንጋዩ ሥር እስኪታይ ድረስ የጠራ ነው።

ሴት ልጅዋ ትጠይቃለች፦ «አባዬ፣ ሰማዩ ከዘነበ ስንት ሳምንት ሆኖት የለም እንዴ? ይህ ውሃ ከየት ይመጣል?»

አባትየው በቃል አልመለሰላትም። የያዘውን የውሃ ጠርሙስ ከፍቶ በወደቀው ቅጠል ላይ አፈሰሰ። ውሃው ሳይንሸራተት ወዲያው ሰመጠ። ከዚያም ልጆቹን ይዞ ወደ መንገዱ ተመለሰና በተቆረጠው የገደል አፈር ላይ ሌላ ጠርሙስ ደፋ። ይህኛው ቡናማ ሆኖ ወደ ቦዩ ወረደ። «አየሽ፣» አላት፤ «ያኛው አሁን እዚያ ውስጥ ነው። ይኸኛው ግን ሄዷል፤ አፈሩንም ይዞ ሄዷል። ታች ከቧንቧው ውስጥ ስንጠርግ የምንውለው ይህን ነው።»

ምሳው በወራጁ ዳር ተዘረጋ፤ በዘይት የተጠበሰ ቤክ የተባለ ቂጣና ከሽንኩርትና ከበርበሬ ጋር የተቁላላ በጨው የደረቀ ዓሣ። ይህ ዓሣ የደሴቲቱ አይደለም። ቀድሞ ከሰሜን አትላንቲክ የሚመጣው፣ በስኳር እርሻዎች ላይ በባርነት ለሚሠሩት አፍሪካውያን በርካሽ እንዲበላ ነበር። ልጆቻቸው የድህነቱን ምግብ ወስደው የበዓል ምግብ አደረጉት።

እናትየው የደኑን ታሪክ ለልጆቹ የተረከችው በዚህ ጊዜ ነው። ብሪታንያ ቶባጎን በ1763 በፓሪስ ውል ስታገኝ መሬቱ ለስኳር አገዳ መመንጠር ያዘ። በለንደን የቅኝ ግዛቶችን ንግድ በሚመለከተው ቦርድ አባል የነበረው የፓርላማ ሰው ሶም ጄኒንስ ግን ስለ ዝናቡ ሠጋ። ሐሳቡን ያገኘው ከስቲቨን ሄልስ ሥራ ነው። ይህ ቄስና የሳይንስ ሰው በ1727 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በማሰሮ የተተከለ ሱፍ በየቀኑ በቅጠሉ በኩል ምን ያህል ውሃ እንደሚያተን በሚዛን ለክቶ አሳይቶ ነበር። ጄኒንስ ዛፉ ከጠፋ ዝናቡም ይጠፋል ብሎ ዐሥር ዓመት ያህል ተከራከረ። በመጨረሻም ሚያዝያ 13 ቀን 1776 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የአሜሪካ የነፃነት መግለጫ ከመውጣቱ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ የሸንተረሩ ደን ለዝናብ ጥበቃ ሲባል እንዲከለል ተደነገገ። ለተመሳሳይ ዓላማ በሕግ ከተጠበቁት ደኖች ሁሉ ቀዳሚው ይህ እንደሆነ ይነገርለታል።

ሕጉን ያወጡት ሰዎች ስለ ዛፉ ሲሉ አላወጡትም፤ የተጨነቁት ስለ አገዳቸው ነበር። ያንን አገዳ የሚቆርጠውም ባሪያው ነበር፤ ነፃነቱንም ሙሉ በሙሉ ያገኘው በ1838 ነው። እናትየው ይህንንም አልሸሸገችም።

ሳይንሱም ሙሉ አልነበረም። ዛሬ እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለች ትንሽ ደሴት ዝናቡን በይበልጥ የሚያወርደው ነፋሱን ወደ ላይ የሚገፋው ተራራ ነው፤ ዛፉ ራሱም ከዝናቡ ድርሻውን ይጠጣል። የደኑ ዋና ሥራ ሌላ ነው። ጠብታውን በቅጠሉ ይቀበላል፤ በሥሩና በረገፈው ቅጠል አፈሩን ክፍት ያደርጋል፤ ውሃውን ወደ ውስጥ አስርጎ በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል፤ ተዳፋቱንም ይይዛል። ስለሆነም ምክንያቱ ጎደሎ ሲሆን ውሳኔው ትክክል ሆነ። መሐንዲስ ሸክሙን በትክክል ካላወቀ ብረቱን ያወፍራል እንጂ አያሳሳም። የ1776ቱ ሕግም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ታሪኩ ሲያልቅ አያትየው ድንገት ተናገሩ። «እኔ ይህን ተራራ ራቁቱን አይቼዋለሁ» አሉ። መስከረም 30 ቀን 1963 ፍሎራ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ሲመታ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቤቱ ጣራውን አጣ፤ የአባታቸው ካካዎና ኮኮነት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጋደመ። «ማታ ነፋሱ ሲቆም ቀና ብለን ብናይ ተራራው አረንጓዴ አልነበረም። ግንድ ብቻ ቆሟል። ወንዙም ደም መሰለ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ካካዎ አልተከለም።» ከዚያ ቀን በኋላ ተመልሰው ያልመጡት በጉልበታቸው ምክንያት እንዳልነበረ ያን ጊዜ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

የደሴቲቱ ኑሮም እንደ አባታቸው ነበር። ከፍሎራ በኋላ የእርሻው ኢኮኖሚ አላገገመም፤ ደሴቲቱ ፊቷን ወደ ቱሪዝም አዞረች። ደኑ ግን ሕጉ ጸንቶ ስለቆየ ባዶውን መሬት የሚሻማው አልተገኘም፤ ከሥሩና ከዘሩ እንደገና በቀለ። ከፍሎራ በኋላ ከቶባጎ ጠፋች የተባለችው ነጭ ጅራት ያላት ሃሚንግበርድ በ1974 እንደገና ተገኘች። በ2020ም ዩኔስኮ የደሴቲቱን ሰሜን ምሥራቅ፣ ይህን ደን ጨምሮ፣ በዓለም አቀፉ የባዮስፌር ክልሎች መዝገብ አስገባው።

ትንሹ ልጅ የአያቱን እጅ ይዞ፣ «እማማ፣ አሁንስ ያስፈራዎታል?» ሲል ጠየቃቸው። አያትየው መልስ ሳይሰጡ ጎንበስ ብለው ከወራጁ በእፍኛቸው ቀዱና ጠጡ።

ከቀትር በኋላ መኪናዋ በብለዲ ቤይና በፓርላቱቪየር አድርጋ ወደ ካስታራ መንደር ወረደች። በዚያ ሴቶች በባሕሩ ዳር በጭቃ በተሠራ ምድጃ በእንጨት እሳት ዳቦ ይጋግራሉ። የቤተሰቡ እራት ግን የደሴቲቱ ስመ ጥር ምግብ ነበር፤ በካሪ የተሠራ ሸርጣን ከተቀቀለ የሊጥ ድቡልቡል ጋር። ካሪውን ያመጡት ከ1845 ጀምሮ በውል ሥራ ወደ ትሪኒዳድ የገቡት ሕንዳውያን ናቸው። በአጠገቡ የቀረበው ካላሉ የጎደሬ ቅጠል በኮኮነት ወተትና በባሚያ የተቀቀለበት ነው። ጎደሬው ኢትዮጵያ ውስጥ የሚታወቀው ያው ጎደሬ ሲሆን፣ የሚበላው ግን እዚህ ሥሩ ብቻ ሳይሆን ቅጠሉም ነው።

ሴት ልጅዋ ሸርጣኑን እየሰበረች፣ ጎደሬው የት እንደሚበቅል ጠየቀች። «ወራጅ ዳር» አሏት አያትየው። ሸርጣኑስ? «ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት ረግረግ።» ልጅቱ ሳህኑን አየች፤ ቀና ብላም ሸንተረሩን አየች። ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

ግድብ ሲመረቅ የሠሪው ስም በድንጋይ ይጻፋል። ይህ ደን ግን ሳይቆረጥ በመቆየቱ ብቻ በየበጋው ውሃ ያቀርባል፤ ማንም ጥብጣብ አልቆረጠለትም። ከክልሉ ወሰን ውጭ ያለውን ተዳፋት ሕጉ አይጠብቀውም፤ መንገድ የሚቀድበት፣ ቤት የሚሠራበት፣ ቧንቧ የሚዘረጋበት መሐንዲስ ነው። በዚያ ተዳፋት ላይ የሚፈሰው ጠርሙስ መስመጡን ወይም ቡናማ ሆኖ መውረዱን የሚወስነው እርሱ ነው። አያትየው ከእፍኛቸው የጠጡት ውሃ እንደጠራ ለልጅ ልጆቻቸው እንዲደርስ የዲዛይኑ ወረቀት ሲዘረጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰመረው መሥመር የማይነካው ደን ወሰን ይሁን።