ስለ ተቃጠለ አየር
በመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ስም በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተነገረ



ይህ በብርጭቆ ያለው የጠራ የኖራ ውሃ ነው። በቀጭን ቱቦ ጥቂት ጊዜ እፍ ስንልበት፥ እነሆ፥ እንደ ወተት ነጣ። ያነጣው ከሳንባችን የወጣው የተቃጠለ አየር ነው፤ በሳይንስ ስሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል።

ይህ አየር ከየት መጣ? የበላነው እንጀራ በሆዳችን ተፈጭቶ ወደ ስኳርነት ከተለወጠ በኋላ በደም ተጉዞ ወደ ሕዋሳት ይገባል። እዚያም ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ኃይልና ሙቀት ሲሰጥ፥ ውሃና የተቃጠለ አየር ይተርፋሉ። ነገሩ ከሰል በምድጃ እንደሚነድ ነው፤ ልዩነቱ የሰውነታችን እሳት ያለ ነበልባል በዝግታ መንደዱ ነው።

ደም ከዚህ አየር ከመቶ 70 ያህሉን ወደ ባይካርቦኔት ለውጦ፥ የቀረውን ከሄሞግሎቢን ጋር አጣብቆ ወይም በውስጡ አሟሙቶ ወደ ሳንባ ያደርሰዋል። የምንስበው አየር ከመቶ 0.04 ያህል ብቻ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲኖረው፥ የምናስወጣው ግን ከመቶ 4 ያህል አለው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። ትንፋሻችንን ብንይዝ «ተንፍሱ» እያለ የሚያስጨንቀን በይበልጥ የኦክሲጅን ማነስ ሳይሆን የተቃጠለው አየር መብዛት ነው። ይህንንም ሆልዴንና ፕሪስትሊ የተባሉ የብሪታንያ ሊቃውንት በ1905 እ.ኤ.አ. አስረድተዋል። በአንጎላችን ግርጌ ያለው ዘበኛ ይህን አየር ሌሊትና ቀን ይለካል።

ነገር ግን ዘበኛው የማያውቀው ሌባ አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣልና የሐምሌና የነሐሴ ሌሊት ይበርዳል። ከቦሌ እስከ ገርጂና ኮተቤ ቡና የተፈላበት ፍም ከነምድጃው ወደ መኝታ ቤት የሚገባበት፥ በርና መስኮትም የሚዘጋበት ቤት አለ። «ጭሱ ካለቀ ጉዳት የለውም» ይባላል፤ እኛም ይህን ትምህርት እስክንማር ድረስ እንዲሁ እናምን ነበር። ስሕተት ነው። በተዘጋ ቤት የሚነድ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ አየር አይታይም፥ አይሸትም፤ ሄሞግሎቢንንም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዛል። የተቃጠለው አየር ግን በደም ውስጥ ስለማይከማች ዘበኛው አይጮኽም። የተኛው ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ስለዚህ፥ ወላጆቻችን ሆይ፥ ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት ምድጃውን ወደ ደጅ እናውጣ። ሰውነታችን የራሱን የተቃጠለ አየር በየትንፋሹ ወደ ውጭ ያወጣል፤ እኛም ከእርሱ እንማር።