ተረትና ስልክ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ትልቅ ነገር መናገር የተለመደ ነው። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ተረት ልናገር ነው፤ ብትስቁም አልቀየምም።

የአማርኛ መምህራችን ባለፈው ዓመት የተረትን አነጋገር ማስተማር ሲጀምሩ፥ አንድ ተረት አባዝተው አደሉን። ደራሲዋ ኤሊዛቤት ሌርድ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክልሎች እየተዘዋወሩ ከሰበሰቧቸውና ዛሬ በኢንተርኔት ከሚገኙት 300 ገደማ ተረቶች አንዱ ነበር። ተራ በተራ አነበብነው። አንድም ሰው አልሳቀም። መምህራችንም «እንግዲህ ከየቤታችሁ ተረት በስልክ ቀድታችሁ አምጡ» አሉን።

(ከመካከላችን ሁለቱ ከኢንተርኔት ገልብጠው «የአያቴ ነው» ብለው አቀረቡ። ሁለቱ አያቶች ስለ ጅቡ ቃል በቃል አንድ ዓይነት በመናገራቸው ተያዙ።)

እኔ ስልኩን ከአያቴ አጠገብ አስቀምጬ፥ ድምፅ እንዳይረብሽ ብዬ ወጣሁ። ተመልሼ ባዳምጠው፥ «ተረት ተረት» የሚል አንድ ቃል፥ ከዚያ በኋላ በቢሾፍቱ መንገድ የሚያልፉ የከባድ መኪናዎች ጩኸት ብቻ። «ምነው እማማ?» ብላቸው፥ «የላም በረት የሚለኝ ሳይኖር ለማን ልናገር? ይህ ዕቃ ይመልሳል?» አሉኝ። ማታውን ተቀምጬ መለስሁላቸው፤ ተረቱም ያን ጊዜ መጣ።

ለነገሩ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ፥ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት፥ ከ40 ዓመታት በላይ በቴሌቪዥን ተረት አውርተዋል። እናቴ እንደምትለው፥ እርሷና እኅቶቿ ሰላምታቸውን ቆመው ይመልሱላቸው ነበር። መስኮቱ ባይሰማም ልጆቹ መልሰዋል።

በክፍል ውስጥ ቅጂዎቹን እያቆምን እንደገና ሰማን። አያቴ ጅቡ ከመናገሩ በፊት ዝም የሚሉበትን ቦታ ሁሉ በደብተራችን ምልክት አደረግንበት፤ እኔ በጽሑፍ ሳሰፍረው ያ ዝምታ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። የአንዱ ጓደኛችን አያት ተረቱን በአፋን ኦሮሞ ስለ ተናገሩ፥ ግማሹ ክፍል ወዲያው ሳቀ፥ ግማሹ ከትርጉም በኋላ። መምህራችን በ2014 (እ.ኤ.አ.) ከደቡብ አፍሪካ የተጀመረውን አፍሪካን ስቶሪቡክ አሳዩን፤ ማንም ሰው በራሱ ቋንቋ አጭር መጽሐፍ አዘጋጅቶ ከሥዕል ጋር የሚያወጣበት ነው። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ በስልካቸው ካወረዱት ላይ እያነበቡልን ቀጠልን።

ከዚህ በኋላ ነው ጭንቅ የመጣብኝ። የአያቴን ድምፅ ኢንተርኔት ላይ ላወጣው ፈለግሁ፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፥ ሌላ ቅጂም የለኝም። «በማን ስም ይወጣል?» አሉኝ። «በእርስዎ» አልሁ። «ተረቱ የእናቴ ነው፤ እሷን ማን ጠይቀህ?» አሉ። ለክፍላችን ብቻ እንዲሰማ ፈቀዱ። እኔ በበኩሌ ድምፃቸው ከእኔ ስልክ ጋር እንዳይጠፋ እፈራለሁ፤ ነገር ግን ሳይፈቅዱልኝ አላወጣውም። ከእናታቸው ስም ጋር ይሁን ብዬ ዳግመኛ ለምኛቸዋለሁ፤ እስከ ፋሲካ ላስብበት ብለዋል።

ቅጂው አሁን በኪሴ ነው። ከዚህ ሥነ ሥርዓት በኋላ በ10ኛ ክፍል እናሰማለን። የሚመጣ ሰው ግን «የላም በረት» ማለት አለበት።