መለየትና መመለስ፤ በመካከል ያለው አገር
(በሲሪንቃ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንባት ሲሪንቃ ወልድያን ከመርሳ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የየጁ ምድር ናት። ይህ ጎዳና ሰሜኑን ከመሐል አገር ጋር እንደሚያገናኝ ሁሉ በጦርነት ጊዜ ጦር ያልፍበታል። ስለዚህም አንድ ጥያቄ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። አንድ ግዛት ከአገሩ ሲለይና ተመልሶ ሲገባ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ዳግማዊ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ፣ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን በጦር ኃይል አስገበሩ። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ዘመቻ ወራት ታመው ሞቱ፤ ልጃቸው ምኒልክም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ይሁን እንጂ ሸዋ አልረጋም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሾሟቸው አቶ በዛብህ እንኳ «ንጉሥ ነኝ» ብለው ሸፈቱ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ ተቀብለው ወደ ሸዋ ያሳለፏቸው የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ነበሩ። የወይዘሮዋ ልጅ ግን ገና በመቅደላ ታስሮ ነበር፤ ቴዎድሮስም ተቆጥተው ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደሉት። በዚህ ሁኔታ ሸዋ ሲለይ ልጇን ያጣችው የወሎ እናት ሆነች።

ሸዋ ዳግመኛ የተመለሰው በመጋቢት 1870 ዓ.ም. በልቼ ስምምነት ነው። ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነትን ስም ትተው ለአፄ ዮሐንስ 4ኛ ለመገበር ተስማሙ፤ አፄ ዮሐንስም የሸዋን ንጉሥነት አጸኑላቸው። የተመለሰው ወገን ክብሩ ስለተጠበቀለት ይህ አሠራር ከ1848ቱ የተሻለ ነበር። ነገር ግን ወዲያው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ እስላም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ሼህ ጦልሃ ግን ትእዛዙን ተቃውመው ተነሡ። ሁለቱ ነገሥታት ሲታረቁ ስለ ሃይማኖቱ የተወሰነበትን የወሎ ገበሬ አሳቡን የጠየቀው አልነበረም።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ 11 የደቡብ ግዛቶች ተገንጥለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1861 እስከ 1865 ከተዋጉ በኋላ፣ እስከ 1870 ድረስ ሁሉም ወደ ኅብረቱ ተመለሱ። ሰሜኑና ደቡቡ ሲስማሙ ግን ከባርነት ነፃ የወጣው ጥቁር ሕዝብ ያገኘውን የመምረጥ መብት ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተነጠቀ።

ወደ ዘመናችን ስንመለስ፣ ትግራይ መገንጠልን ባታውጅም፣ ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋርጦ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። የትግራይ ሕዝብ የከፈለው ከባድ ዋጋ የሚካድ አይደለም። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያ ደርሶ፣ ይህ አካባቢ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በመከራ ውስጥ አለፈ። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ሲፈረም ፈራሚዎቹ ሁለት ወገኖች ነበሩ። ተኩስ መቆሙ ታላቅ ነገር ነው፤ ሆኖም በመንገዱ ዳር የሚኖረው ገበሬ በዚያ ወረቀት ላይ ፊርማ አልነበረውም።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ የነገሥታቱን ጠብና እርቅ ስናስተምርና ስንጽፍ ኖረናል። ከእንግዲህ የመካከሉን አገር ምስክርነት፣ የሚያስታውሱት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ፣ መዝግበን እናቆይ። ወደፊት ለእርቅ የሚቀመጡ ሰዎች ወይዘሮ ወርቂትን ያስታውሱ ዘንድ አስቀድመን እኛ ልናስታውሳቸው ይገባል።