ውኃ የሚፈራ ትስስር፦ ሲሊከንና ናይትሮጅን ሙቀት በሚችል ጎማ ውስጥ



ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። የሕክምና መሣሪያ በእንፋሎት ለማምከን ግን እንደ ዘዴው 121 ወይም 134 ዲግሪ ያስፈልጋል። ይህን ሙቀት የሚሰጠው የታመቀ እንፋሎት ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዘውም የአውቶክሌቩ የበር ጎሚኒ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከሲሊኮን ጎማ ይሠራል። ጎሚኒው ካለቀ ማሽኑ ይቆማል። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ «የሲሊከንና የናይትሮጅን ፖሊመር ሙቀት የሚችል ከሆነ፣ ጎሚኒውን ለምን ከእርሱ አንሠራም?» ብለው ይጠይቁኛል።

መልሴ «አይሆንም» ነው። ሲሊከን ከናይትሮጅን ይልቅ ከኦክስጅን ጋር የሚፈጥረው ትስስር እጅግ ጠንካራ ነው። ስለዚህ ውኃ ሲያገኝ ናይትሮጅኑን ይለቅና ኦክስጅኑን ይይዛል፤ ናይትሮጅኑም አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። እንፋሎት ባለበት ቦታ እንዲህ ያለ ጎማ ዕድሜ አይኖረውም።

አሠራሩም ይህንኑ ጠባይ ያሳያል። አልፍሬድ ስቶክና ባልደረባው ሶሚየስኪ በ1921 እ.ኤ.አ. ክሎሮሲሌንን ከአሞኒያ ጋር አዋሕደው የመጀመሪያዎቹን ሲላዜኖች አገኙ። ዛሬም መንገዱ ያው ነው፤ ደረቅ አሞኒያ በደረቅ ማሟሚያ ውስጥ ባለ ዳይሜቲልዳይክሎሮሲሌን ላይ ይለቀቃል። ሦስት ሲሊከን ያሉት አንድ ቀለበት በተሠራ ቁጥር ስድስት ሞለኪውል አሞኒየም ክሎራይድ ይወጣል፤ ይህን ነጭ ጨው አጥልሎ መጨረስ የትዕግሥት ፈተና ነው። በሐምሌ ዝናብ ጠርሙሱን ከፍታችሁ አሞኒያ ከሸተታችሁ፣ ምርቱ ከአየሩ እርጥበት ጋር መዋሐድ ጀምሯል። ከዚህ የሚብሰው ችግር ግን ሌላ ነው። ትንንሾቹ ቀለበቶች የተረጋጉ ስለሆኑ፣ እንደ ሲሎክሴን ተከፍተው የሚለጠጥ ረጅም ሰንሰለት ለመሆን በቀላሉ እሺ አይሉም።

ታዲያ ጥቅሙ የት ነው? እኔ የምለው እዚያው ድክመቱ ውስጥ ነው። ተራው የሲሊኮን ጎማ በ200 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ 300 ሲደርስ ግን በሰንሰለቱ ጫፍ ያለው የሲሊከንና የሃይድሮክሲል ጥምረት ወደ ራሱ ሰንሰለት ዞሮ ይነክሳል፤ ባለሦስትና ባለአራት ክፍል ቀለበቶችንም እየቆረጠ ይጥላል። ጎማው ውስጥ ጥቂት ሲላዜን ካለ ግን፣ ውኃንና ሃይድሮክሲልን ፈጥኖ የሚያጠቃው ያው ትስስር ጫፎቹን ቀድሞ ይዘጋቸዋል፤ ሰንሰለቶቹንም እርስ በርስ ያስራል። ሌላው ስልት ሁለት ሲሊከንና ሁለት ናይትሮጅን ያሉበትን ግትር ቀለበት ሰንሰለቱ ውስጥ መሰካት ነው፤ ያኔ ሰንሰለቱ በቀላሉ ወደ ራሱ አይታጠፍም። ቀለበቱ ከበዛ ግን የጎማው መለጠጥ ይቀንሳል።

እንግዲህ ቦታው የእንፋሎት በር ሳይሆን ደረቅ ሙቀት ያለበት ነው፤ የሞተር ክፍል ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን።

ለመመረቂያ ጥናት ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ሲላዜን ያለበትንና የሌለበትን ሁለት የጎማ ቁራጭ በጭስ መሳቢያ ሥር ባለ ምድጃ በ300 ዲግሪ አቆዩ፤ በየሰዓቱም መዝኗቸው። ከምድጃው ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ጥሩ ሚዛን ነው።