ስለ ብየዳ ኤሌክትሮድ አሠራርና አፈታተን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገርለት ነገር ርዝመቱ 35 ሳንቲ ሜትር፥ የሽቦው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ዘንግ ነው። በያጆች ኤሌክትሮድ ይሉታል። በአራዳም ሆነ በማራኪ፥ በአዘዞም ሆነ በደባርቅ፥ በየብረታ ብረት ቤቱ ደጃፍ ብልጭታውን እየረጨ ሲነድ ያላየው የለም። ነገር ግን ከምን እንደ ተሠራ፥ መልካምነቱስ በምን እንደሚታወቅ የጠየቀ ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ንግግር ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሮድ ሥራ ላይ በሚውልበት አገር፥ በሚውልበት ወራትና በሚውልበት ማሽን መፈተን እንደሚገባው፥ ለዚህም ከሚያስፈልገው መሣሪያ የሚበዛው በእጃችን እንዳለ ነው።

ስለ አንድ ዘንግ ይህን ያህል መናገር ለምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። ልጆች የሚቀመጡበት የትምህርት ቤት ወንበር፥ የአዳራሽ ጣራ የተሸከመው አንግል ብረት፥ የውሃ ታንከር የቆመበት ማማ፥ የወፍጮ ቤቱ መቀመጫ፥ የጭነት መኪናው ተሳቢ፥ ይህ ሁሉ የተያያዘው በዚህ ዘንግ ነው። የብየዳው መስመር ከላይ ሲታይ እንደ ሹሩባ የተስተካከለ ሆኖ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ዓይን ያላየውን ጉድለት ደግሞ ሸክሙ አንድ ቀን ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ ከሥር ሰው ሊኖር ይችላል።

አስቀድመን ከየት እንደ መጣ በአጭሩ እንናገር። ኒኮላይ ቤናርዶስ የሚባል የሩሲያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1881 በካርቦን ዘንግ የኤሌክትሪክ ብርሃን አስነሥቶ ብረትን ከብረት አጋጠመ። ኒኮላይ ስላቭያኖቭ ደግሞ በ1888 የካርቦኑን ዘንግ በብረት ዘንግ ለውጦ፥ ዘንጉ ራሱ እየቀለጠ ክፍተቱን እንዲሞላ አደረገ። ይሁን እንጂ ሽቦው ራቁቱን ስለ ነበረ የቀለጠው ብረት ከአየር ኦክሲጅንና ናይትሮጅን እየጠጣ ሲበርድ ቀዳዳ የበዛበትና ተሰባሪ ይሆን ነበር። ከዚህ በኋላ ኦስካር ሼልበሪ የተባለ ስዊድናዊ የመርከብ ማፍያዎችን ሲጠግን ይህን ጉድለት ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1904 ኢሳብ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ የብረት ሽቦንም ከካርቦኔትና ከሲሊኬት በተለወሰ ወፍራም ልቁጥ ውስጥ እየነከረ አድርቆ ሽፋን ያለውን ኤሌክትሮድ ሠራ። እንግዲህ የዚህ ትልቅ ኢንዱስትሪ መጀመሪያ ሽቦን በልቁጥ ውስጥ መንከር ነበር ማለት ነው።

ሽፋኑ ምን ያደርጋል? ሥራው ብዙ ነው። አንደኛ፥ ሲቃጠል ጋዝ ይሰጣል፤ ጋዙም የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከልለዋል። ለዚህ የሚያገለግለው እንደ ኖራ ድንጋይ ያለ ካርቦኔት ወይም ሴሉሎስ ማለት የእንጨት ዱቄት ዘር ነው። ሁለተኛ፥ ቀልጦ በብየዳው ላይ ይንሳፈፍና በያጆች ስላግ የሚሉትን ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱም ብረቱ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይሸፍነዋል። ሦስተኛ፥ ሩታይል የሚባለው የቲታኒየም ማዕድንና የፖታሲየም ጨዎች ብልጭታው ሳይቆራረጥ እንዲነድ ይረዳሉ። አራተኛ፥ ፌሮማንጋኒዝ ወደ ብረቱ የገባውን ኦክሲጅን ይዞ ወደ ስላጉ ያወጣዋል። እነዚህን ዱቄቶች አንድ አድርጎ በሽቦው ላይ የሚያጣብቃቸው የውሃ ብርጭቆ የተባለው የሶዲየም ወይም የፖታሲየም ሲሊኬት ነው። የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ አፈሩ፥ ጭዱና ውሃው ልካቸውን ካላገኙ ምርጊቱ ይሰነጠቃል ወይም ይረግፋል።

ኤሌክትሮድ መንደፍ ማለት የእነዚህን ነገሮች ልክ ማግኘት ነው። ሽቦው ካርቦኑ ከመቶ 0.1 ገደማ የሆነ፥ ድኝና ፎስፎረስ ያልበዛበት መሆን አለበት። ዱቄቱ በወንፊት ተነፍቶ በደረቁ ይደባለቃል፤ ከዚያም በውሃ ብርጭቆ ይለወሳል። በፋብሪካ ልውሱ በኃይለኛ መጭመቂያ ሽቦው ላይ ይለበጣል፤ ፒንሳው የሚይዘው ጫፍ ግን ራቁቱን ይቀራል። ከዚያ ሽፋኑ እንዳይሰነጠቅ በመጀመሪያ በዝግታ ይደርቃል፤ በኋላም በምድጃ ይጋገራል። ሽቦው በሽፋኑ መካከል ላይ ካልሆነ ሽፋኑ በአንድ ወገን ይሳሳና ብልጭታው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ የበያጁ እጅ ምንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን መስመሩ ይጣመማል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ትደርሳለች። በጎንደር የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 ከመቶ ያህል፥ በደባርቅ ከ70 ከመቶ እምብዛም የማይበልጥ ነው። የብየዳ ማሽኖችና ጄኔሬተሮች ኃይል በፋብሪካ የሚመዘነው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስስ ስለሚሆን ማሽኑን እንደሚገባ አያቀዘቅዘውም፤ የናፍጣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በማሽኑ ላይ የተጻፈው አምፔር በደጋ ላይ ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ለ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ90 እስከ 130 አምፔር ያስፈልጋል፤ አምፔሩ ሲያንስ መስመሩ በብረቱ ላይ ይጋደማል እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቆ አይገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ እርጥበት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡና ጉሙ በማይለይበት ደጋ፥ ካርቶኑ ተቀዶ በመደብር መደርደሪያ ላይ የከረመ ኤሌክትሮድ ውሃ ይጠጣል። ውሃው በብልጭታው ውስጥ ይፈርስና ሃይድሮጅን ወደ ቀለጠው ብረት ይገባል። ይህም በጠንካራ ብረት ላይ ብየዳው ካለቀ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ የሚመጣ ስንጥቅ ያስከትላል። ባለ ሥራው ማታ መርምሮ ደህና ነው ያለው ነገር በማግሥቱ የተሰነጠቀ ሆኖ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ማድረቅ ነው እንዳንል ሁሉም ዓይነት በአንድ ልክ አይደርቅም። በካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር ኢ 6013 ሲል፥ 60 የተባለው የብየዳው ብረት በካሬ ኢንች ቢያንስ የ60,000 ፓውንድ ስበት መቻሉን፥ ቀጥሎ ያለው 1 ወደ ታችም፥ ወደ ጎንም፥ ወደ ላይም መበየድ መቻሉን፥ የመጨረሻው ቁጥር ከፊቱ ካለው ጋር ሆኖ የሽፋኑንና የኤሌክትሪኩን ዓይነት ያመለክታል። ይህ የሩታይል ዘር ሲሆን በከተማችን በርና መስኮት የሚሠራበት ነው፤ ከረጠበም 100 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይበቃዋል። ኢ 7018 ግን ሃይድሮጅኑ ዝቅተኛ እንዲሆን የተሠራ ነው፤ ከረጠበ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ባለ ምድጃ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። ኢ 6010 እና ኢ 6011 የሴሉሎስ ዘሮች ናቸው፤ እነዚህ ሽፋናቸው ጥቂት እርጥበት እንዲይዝ ታስቦ ስለ ተሠራ በምድጃ ቢጋገሩ ይበላሻሉ። እንግዲህ ሁሉንም አንድ ላይ ምጣድ ላይ የሚያሰጣ ሰው አንዱን አድኖ ሌላውን ይገድላል።

ደግሞም ቁጥሩ የማይናገረውን ማወቅ ይገባል። ኢ 7018 በብርድ፥ ማለት ከዜሮ በታች በ29 ዲግሪ፥ በመዶሻ ምት ሲፈተን 27 ጁል እንዲችል ደንቡ ያስገድዳል። ለኢ 6013 ግን ደንቡ የምት ፈተና አይጠይቅም። ስለዚህ ለመስኮት የሚበቃው ኤሌክትሮድ በኮረኮንች መንገድ ለሚንገጫገጭ ተሳቢ ይበቃል ማለት አይቻልም። የመኪና ባሌስትራማ ካርቦኑ የበዛና በሙቀት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ጨርሶ ሊበየድ አይገባውም፤ የሊማሊሞን ቁልቁለት በተበየደ ባሌስትራ መውረድ ነፍስን ማስያዝ ነው።

ወደ ፈተናው እንግባ። የስበት ማሽንና የምት ማሽን በትልልቅ ላቦራቶሪ ብቻ ይገኛሉ። ነገር ግን በመዶሻ፥ በሞርሳና በሚዛን የሚደረጉ ሦስት ፈተናዎች አሉ።

የመጀመሪያው የሚዛን ፈተና ነው። ጥቂት የሩታይል ኤሌክትሮዶች ይመዘናሉ፤ ደርቀው እንደገና ይመዘናሉ፤ የጎደለው ክብደት የጠጡት ውሃ ነው። በጥር ወርና በነሐሴ ወር ከአንድ መደብር የተገዙትን ብናነጻጽር ክረምቱ የሚያደርገውን በቁጥር እናውቃለን።

ሁለተኛው የመስበር ፈተና ነው። ሁለት ላሜራዎች አንዱ በሌላው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና በአንድ ወገን ብቻ ይበየዳል፤ ከዚያም ወደ ተበየደው ወገን እንዲታጠፍ በመዶሻ እየተመታ ይሰበራል። የተሰበረው ገጽ ሁሉን ይናገራል፤ ጋዝ የተወው ቀዳዳ፥ ተቀብሮ የቀረ ስላግ፥ ሥሩ ድረስ ያልደረሰ ብረት በዓይን ይታያል።

ሦስተኛው የማጠፍ ፈተና ነው። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት ጫፍ ለጫፍ ይበየዳል፤ ትርፉ ተሞርዶ ይስተካከላል፤ ከዚያም ውፍረቱ 40 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ብረት ላይ ሁለቱ ጫፎች ትይዩ እስኪሆኑ ይታጠፋል። ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ስንጥቅ ካልከፈተ ብየዳው ጨዋ ነው።

በእነዚህ ፈተናዎች ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብየዳው ሲሰበር ጥፋቱ የኤሌክትሮዱ ነው፥ የማሽኑ ነው ወይስ የእጁ? ይህን ለመለየት በያጁ አንድ፥ ማሽኑ አንድ፥ ብረቱ አንድ ሆኖ ኤሌክትሮዱ ብቻ ይለወጣል። አምፔሩና ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር የሚሰጠው ቮልት ይለካሉ። ብዙ በያጆች በአገር ውስጥ በእጅ በተጠመጠመ ማሽን ይሠራሉ፤ እንዲህ ያለው ማሽን 50 ቮልት ገደማ ቢሰጥ ኢ 6013 ይነድዳል፥ ወደ 70 የሚፈልገው ኢ 7018 ግን እየተጣበቀ ያስቸግራል። ይህ ሳይለካ ኤሌክትሮዱን መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በጎንደር ምድር የብረት ዕውቀት አዲስ ነገር አይደለም። ከከተማችን በስተ ሰሜን በምትገኘው በወለቃና በሌሎችም መንደሮች ቤተ እስራኤል ለብዙ ዘመን በወናፍና በከሰል ማረሻውንና ማጭዱን እየቀጠቀጡ ደጋውን ሁሉ አሳርሰዋል። የገበሬው እርሻ ያለ እነርሱ መዶሻ አይሆንም ነበር፤ ሆኖም ቡዳ እየተባሉ ተሰደቡ፥ ተፈሩ፥ ተገለሉ። ከእነርሱ የሚበዙት እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1991 በተደረጉት ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል። በዚህ ነገር የጎዳነው እነርሱን ብቻ አይደለም። ብረት የሚያውቀውን እጅ ንቀን ከብራናውና ከቀለሙ ስለ ለየነው፥ የሚያውቀው ሳይጻፍ ቀረ፤ የሚጽፈውም ብረት ሳይነካ ቀረ። ዛሬም ቢሆን በያጁ በጢስና በብርሃን ዓይኑን እያሳመመ ያገኘውን ዕውቀት ዝቅ አድርገን የምንመለከት ከሆነ የዲፕሎማችን ብዛት አንድ ኤሌክትሮድ አያስነድፈንም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ ኤሌክትሮድን ከውጭ ገዝቶ መጠቀም እየተቻለ ድካሙ ለምን ነው ይሉናል። እኛ አትግዙ አላልንም። ነገር ግን የገዛውን ነገር መፈተን የማይችል ሰው የተሰጠውን ሁሉ ይቀበላል። ይህ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት፥ ተማሪዎቹ ወደ ገጠር እየወጡ በሽታን በምርመራ እንዲለዩ ነበር የተማሩት። ደምና ውሃ መርምሮ መናገር የለመደ ቤት፥ ጣራ የተሸከመውን ብየዳ መርምሮ መናገር አያቅተውም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፥ በወርክሾፓችን አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ ሞርሳና አንድ ሚዛን ለፈተና ይመደብ፤ የከተማው በያጆችም የሚጠራጠሩትን ኤሌክትሮድ አምጥተው ከእኛ ጋር ያለ ክፍያ ይፈትኑ። ሁለተኛ፥ ውጤቱ ከነወሩ፥ ከነቦታውና ከነማሽኑ በመዝገብ ይጻፍ፤ በአማርኛም ተባዝቶ ለየብረታ ብረት ቤቱ ይታደል። ሦስተኛ፥ በመምህራን ተቆጣጣሪነት ሽቦ እየነከርን የራሳችንን ኤሌክትሮድ እንሞክር፤ ለሽያጭ ሳይሆን ለትምህርት። ከሚያስፈልገው የኖራ ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ ሞልቷል፤ የፋሲል ግንብ ድንጋይ ከድንጋይ የተያያዘውም በኖራ ነው። ሩታይሉንና ፌሮማንጋኒዙን እንገዛለን። የመጀመሪያዎቹ ዘንጎች ሽፋናቸው ሊረግፍ፥ ብየዳቸውም ሊሰበር ይችላል፤ ግን ለምን እንደ ተሰበሩ ከመዝገቡ እናነባለን፥ ቀጥሎ የሚለወሰውንም በዚያ እናርማለን።

ለሥራው ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ፥ ከየትኛውም ክፍል ቢሆን፥ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ። መምህራኖቻችንም የምድጃውንና የመለኪያውን ነገር እንዲያስቡልን በአክብሮት እንለምናለን።